በሕያዋን ረድፍ የቆየ ስም

ከማተሚያ ማሽን ገና የወጣ ወረቀት የራሱ ሽታ አለው። አዲስ የተተኮሰ ሸሚዝ ይመስላል፤ ጠጋ ብለው ሲያሸቱት ደግሞ የጋለ ፕላስቲክ ነገር አለበት። ትናንት ከሰዓት በኋላ እትዬ የሺ ከሲያትል ደወለችና በዓመታዊ ዝርዝሯ ላይ አንድ ስም እንዳስተካክልላት ጠየቀችኝ። አስተካክዬ አተምኩት። ወረቀቱን ሳነሳው መዳፌን ሞቅ አደረገው፤ በዚያ ሽታ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የነበረችኝ ጠባብ ሱቅ ከነግድግዳዋና ከነጎረቤቷ ተመልሳ መጣች። ሱቋን ከዘጋሁ ቆይቻለሁ፤ ዛሬ የምሠራው ከቤቴ ሆኜ ነው። የማወራው ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ግን መንገዱ እንዳለ ተለውጧልና ሩቅ ይመስለኛል።

ሱቋ በኦሎምፒክና በፒኮ መንገዶች መካከል ነበረች። ወርዷ ሁለት ሜትር ከሰማንያ፣ ርዝመቷ ሰባት ሜትር፤ ራሴ ለክቻታለሁ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ማተሚያ፣ አንድ ወረቀት መቁረጫና ሁለት ወንበር ይዛ ትሞላለች። ጥቁርና ነጭ ኮፒ አሥር ሳንቲም፣ ባለ ቀለም ኀምሳ ሳንቲም ነበር። የሠርግ ካርድ፣ የምግብ ቤት ሜኑ፣ የለቅሶ ማስታወቂያ፣ የዕድር ደንብ እሠራለሁ። ይህን ሥራ ያስተማረኝ የለም። ሰው የጣለውን የሠርግ ካርድ ከመሬት እያነሳሁ በማስመሪያ እየለካሁ፣ የት ላይ እንደተበላሸ እያየሁ ነው የተማርኩት። አራት ነጥቡ ከቃሉ ተለይቶ ብቻውን ወደ ታችኛው መስመር የወረደበት ጥሪ ካየሁ ያን ቀን ምሳ አይጣፍጠኝም ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሲዲ የሚሸጥ ሰው ነበር፤ ድምፅ ማጉያውን በር ላይ አውጥቶ ጠዋት ጠዋት ሳክስፎን የሚያለቅስበት የድሮ ትዝታ፣ ከሰዓት በኋላ የሠርግ ዘፈን፣ ዓርብ ዓርብ ደግሞ መዝሙር ይለቅ ነበር። የመኪና ማቆሚያው ሜትር ያኔ ሳንቲም ብቻ ነው የሚበላው፤ አንድ ኳርተር፣ ማለትም ሃያ አምስት ሳንቲም፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሰጣል። ባለ ታክሲዎቹ ኳርተር ለመዘርዘር ወደ እኔ ይገባሉ፤ በዚያ ፀሐይ ጥቁር የቆዳ ጃኬታቸውን አያወልቁም፤ ገብተው ወሬ ይጀምሩና ሜትሩን ይረሱታል።

በስተግራዬ ያለው ግድግዳ የእትዬ የሺ ነበር። ልብስ ታሳጥራለች፣ ታሰፋለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ግድግዳው ስስ ስለነበር የምትሠራውን በድምፁ አውቀዋለሁ፤ የሱሪ እግር ሲሆን የስፌት መኪናዋ ሁለት ረጅም ሩጫ ይሮጣል፣ ዚፕ ሲሆን አጭር አጭር ይላል። ሁልጊዜ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ጣቶቿ የጠመኔ ዱቄት እንደያዙ ነው። መጀመሪያ የተዋወቅን ሰሞን «እርስዎ» ስላት «አርጅተሻል ነው የምትለኝ?» ብላ ተቆጣች፤ ከዚያ ወዲህ አንቺ ነው የምላት። ስሜን አሳጥራ «ኤልዬ» ትለኝ ነበር።

በየዓመቱ የፍልሰታ ጾም ከመግባቱ በፊት የደብራችን ምእመናን በሱባኤው የሚጸለይላቸውን ሰዎች ስም እየጻፉ ወደ ሱቄ ያመጣሉ። ስሙ የክርስትና ስም ነው፤ ቤተሰብና የንስሐ አባት ብቻ የሚያውቁት፣ ቄሱ በጸሎት የሚጠሩት። እኔ ለየቤተሰቡ አንድ ገጽ አወጣና ለሁለት እከፍለዋለሁ፤ በግራ የሕያዋን ረድፍ፣ በቀኝ የሙታን። የእትዬ የሺ ገጽ አጭር ነበር። በሙታን ረድፍ አባቷ፣ እናቷና አንዲት አክስቷ አሉ። በሕያዋን ረድፍ ራሷ፣ ሲያትል ያለችው ልጇና ከሁለቱ በታች አንድ ስም፦ ተክለ አልፋ። በደብሩ ዝርዝር ሁሉ ውስጥ ይህ ስም ያለው ከእሷ ገጽ ላይ ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስጽፈው እንዳልሳሳት ሦስት ጊዜ አመሳክሬው ነበር።

«ይሄ ማነው?» ብዬ ያኔ ጠየቅኳት።

«ወንድሜ ነው፤ ጌታነህ። ሹፌር ነበር፣ የአባታችንን መኪና የሚነዳ። አረንጓዴ ኤንትሬ የጭነት መኪና፤ ከነተሳቢው።»

«አሁን የት ነው?»

«ወደ ቆላ ጭነት ይዞ ወረደ። በዚያው ቀረ።» ጣቷን ስሙ ላይ አደረገች። «እናቴ በር በሩን እያየች ሞተች። ያኔ አገሩ ጦርነት ነው፤ ማንን ትጠይቃለህ? መኪናውም አልተገኘም፣ እሱም አልተገኘም።»

ይህ ስም በየዓመቱ ያሠቃያት ነበር። ዝርዝሩን ልታርም ስትመጣ ሌላውን ሁሉ በአንድ አፍታ ታይና እሱ ላይ ስትደርስ መነጽሯን ታወልቃለች። «አስከሬኑን ያላየሁትን ሰው በገዛ እጄ አልቀብርም» ትላለች። ወዲያው ደግሞ «ሞቶ ከሆነስ ኤልዬ? ይሄን ሁሉ ዓመት አንድ ፍትሐት እንኳ ሳይደርስለት በሕያዋን ረድፍ አስሬ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ ማለት ነው። በዚህም ኀጢአት፣ በዚያም ኀጢአት።» ቄሱን ጠይቃ «ልብሽ እንዳለሽ አድርጊ» ብለዋታል፤ ልቧ ግን ምንም አላላትም። የማወራበት ዓመት ላይ ዓይኗ እየደከመ መርፌ ውስጥ ክር የምከትላት እኔ ሆኜ ነበር። አንድ ቀን ክሩን ከእጄ ስትቀበል «ዘንድሮ እወስናለሁ» አለችኝ። «ሳልወስን ከሞትኩ ስሙን የሚያነሳውም የሚያዛውረውም የለም።»

ጋሼ ዓለሙን ወደ ሱቄ ያመጣቸው ሽፈራው የሚባል ባለ ታክሲ ነው። ጋሼ ዓለሙ ሚራክል ማይል ሰፈር ካለ ሕንፃ ሥር፣ የመኪና ማቆሚያው መውጫ ላይ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀምጠው ትኬት የሚቀበሉ ሰው ነበሩ። መኖሪያቸው ከአውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ፣ ሃውቶርን ነው፤ አውሮፕላን ጣሪያቸው ላይ የሚያርፍ ነው የሚመስለው ይሉ ነበር። ካኪ ሸሚዛቸው እስከ አንገቱ ተቆልፎ፣ ደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ ተሰክቶ፣ ግራጫ ባርኔጣ አድርገው ይመጣሉ። ሱሪያቸውን ክሬንሾው መንገድ ካለ የአሮጌ ልብስ መደብር በአራት ዶላር ይገዛሉ፤ እሳቸው አጭር፣ ሱሪው የረጅም ሰው ነውና እትዬ የሺ በስምንት ዶላር ታሳጥርላቸዋለች። «አንቱ፣ ከሱሪው ይልቅ የሚቆረጠው ጨርቅ ሳይበልጥ አይቀርም፤ ለምን ከልጆች ክፍል አይገዙም?» ስትላቸው በግድግዳው በኩል ሰምቼ ብቻዬን ስቄያለሁ። እሳቸውም ይስቁ ነበር። ለሦስት ዓመት ያህል ደንበኛዋ ነበሩ።

ሽፈራው ክንዳቸውን ይዞ ሲያስገባቸው «ኤልያስ፣ እኚህ ሰውዬ ድሮ በረሃ ውስጥ መብረቅ ነበር የሚባሉት» አለኝ። «ስንት ሺህ ጦር ያዘዙ ናቸው። አሁን ግን እንኳን መብረቅ፣ ባትሪም አልሆኑ!»

«አንተ ታክሲህን ማቆም በተከለከለበት ቀይ መስመር ላይ ነው ያቆምከው» አሉት ዞር ሳይሉ። «ሂድና የቅጣት ትኬትህን ተቀበል።»

«ጋሼ፣ ለሁለት ደቂቃ ነው ፓርክ ያደረግኩት!»

«ፖሊሱም ለመጻፍ ከዚያ በላይ አይፈጅበትም።»

ሽፈራው እየሮጠ ወጣ። እሳቸው ከፕላስቲክ ከረጢት ስድስት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተሮች አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ ደረደሩ። የትግል ታሪካቸው ነው። የታገሉበት ግንባር ትንሽ ነበር፤ ትልልቆቹ ውጠውት ዛሬ ስሙን የሚያስታውሱት የተረፉት ብቻ ናቸው። እሳቸው የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበሩ፤ ጫካ ገብተው በሦስት ዓመት የቆላው ጦር አዛዥ፣ ከዚያም ከአምስቱ የአመራር አባላት አንዱ ሆኑ። «አምስታችን ውስጥ ካርታ ማንበብ የምችል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ መንገዱን ሁሉ ለእኔ ሰጡኝ» አሉኝ። «ኬላ አቋቁም ነበር። አሁንም ኬላ ላይ ነኝ፤ ያኔ ግንድ ነበር የማነሳው፣ ዛሬ በቁልፍ ይነሳል።»

ማክሰኞ ማክሰኞ ከሥራ ዕረፍት ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ይመጣሉ፣ ከደብተራቸው ያነባሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ድምፃቸው የአስተማሪ ነው፤ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ይወስዳሉ። እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር ሲያጋጥመኝ በቢጫ አቀልመዋለሁ። ከመጀመሪያው ደብተር ጀምሮ ቢጫ የበዛው «ሸቀጥ» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሸቀጡ ወደ ድንበር ተላከ፤ በሸቀጡ መድኃኒትና ጥይት ተገዛ፤ የሸቀጡ ጉዳይ በአመራሩ ተወሰነ።

«ጋሼ፣ ምን ዓይነት ሸቀጥ ነው?» አልኳቸው በሦስተኛው ማክሰኞ።

«ሸቀጥ ነው።»

«ሰሊጥ ነው? ጨው ነው? አንባቢ አይገባውም።»

መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። «ከላይ ሰሊጥ ነው። ከሥር ዕፀ ፋርስ።» ቃሉን በመጽሐፍ አማርኛ መናገራቸው ደነቀኝ፤ ሐሺሽ ቢሉኝ ቀላል ነበር። «ገበሬው አይዘራውም፤ ከሌላ ቦታ መጥቶ እኛ ጋ ይከማቻል፤ እኛ በተሳቢ ጭነን ድንበር እናሻግራለን። ከባሕሩ ማዶ ገዢ አለ። ታጋይ ሲጋራ ሲያጨስ ከተገኘ እናስገርፈው ነበር፤ የእኔው ትእዛዝ ነው። ይሄን ግን በተሳቢ እያስጫንኩ እልክ ነበር፤ በኩንታል ልበልህ፤ በኩንታል።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ ብለው አይጽፉትም?»

«አንተ ልጅ፣ ለግሪን ካርድ ፎርም ስትሞላ ያለችውን ጥያቄ አታውቃትም? 'ዕፅ አዘዋውረህ ታውቃለህ?' ትላለች። 'ኖ' የምትለዋ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ሶ፣ ሸቀጥ ብለህ ተወው።»

ተውኩት፤ ቢጫውን ግን አላነሳሁም። እንዲህ ነው እኔ የምቃወመው። ሌላም የማይዋጥልኝ ነገር ነበር፤ ጥሩው ነገር ላይ «አዘዝኩ»፣ «ማረክሁ»፣ «ነጻ አወጣሁ» ይላሉ፤ መጥፎው ላይ ሲደርሱ «ተወሰነ»፣ «ተደረገ»፣ «ተወሰደ» ይሆናል። ይህንንም አቀለምኩት። አንድ ቀን ገጹን ሲያዩ «ሱፍ ማሳ አስመሰልከው እኮ» ብለው ሳቁ።

አምስተኛው ደብተር ላይ የደረስንበትን ማክሰኞ በደንብ አስታውሳለሁ። ሙቀቱ በርትቶ በሩን በወረቀት ካርቶን ደግፌ ከፍቼዋለሁ። ከማዶ የሠርግ ዘፈን ይሰማል፤ በግድግዳው በኩል እትዬ የሺ ትሰፋለች። ጋሼ ዓለሙ ማንበብ ጀመሩ፦ «ለመጓጓዣ እጥረት መፍትሔ እንዲሆን አንድ ሹፌር ከነተሽከርካሪው በኬላ ተይዞ ለግንባሩ አገልግሎት እንዲሰጥ ተደረገ። ከሦስተኛው ጉዞ በኋላ ሹፌሩ የዲሲፕሊን ጉድለት በማሳየቱ አመራሩ አስፈላጊውን እርምጃ ወሰደ።» ቀጥለው ወደ ሌላ ውጊያ ሊገቡ ሲሉ እጄን ከቁልፎቹ ላይ አነሳሁ።

«'አንድ ሹፌር' ብቻ? ስም የለውም?»

«ለመጽሐፉ አይጠቅምም።»

«ገጽ ሃያ ላይ የሞተውን በቅሎ እንኳን ስሙን ጽፈዋል።»

በቁጣ ያዩኛል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ደብተሩን ዘጉና ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። «እንግዲያው አትጻፈው፤ ስማ ብቻ» አሉኝ። ሹፌሩ ጭነቱ ሰሊጥ ነው ተብሎ ሁለት ጊዜ ተመላልሷል። በሦስተኛው አንድ ከረጢት ተተርትሮ ከሥር ያለውን አየ። ለአራተኛው ጉዞ ሲታዘዝ ቁልፉን አወጣና ኪሱ ከተተው። «'መኪናው የአባቴ ነው፤ ይሄን በአባቴ መኪና አልጭንም፤ ወደ ቤቴ ልሂድበት' አለ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። ግን ማከማቻችንን አይቷል፣ መንገዱን ያውቃል። አመራሩ ተሰበሰበ።» ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «አመራሩ ልበልህ እንጂ ሦስቱ ሌላ የውጊያ ቦታ ነበሩ፤ አራተኛው ታሟል። ወረቀቱ ላይ የፈረምኩት እኔ ብቻዬን ነኝ።»

«ከዚያስ?»

«በማለዳ ነበር። ቄስ ጠየቀ፤ ቄስ የለንም። እኔን አየና 'አንተ አስተማሪ ነበርክ አሉ፤ መጻፍ ትችላለህ። የክርስትና ስሜን ጻፈው፤ ከዚህ ወጥተህ አንድ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ስጥልኝ፤ ያለ ፍትሐት አታስቀረኝ' አለኝ። አልጻፍኩም። ያኔ በእንዲህ ያለ ነገር እንስቅ ነበር። ግን ሳልጽፈው ያዝኩት። የስንት ጓድ ስም ረሳሁ፤ የዓለም ስሙንም ረስቼዋለሁ። ያ ግን አልረሳ አለኝ። ሳጥኔ ውስጥ ተቀምጬ መኪና ሳሳልፍ በአፌ ይመጣል።»

«ማን ነበር ያለዎት?»

«ተክለ አልፋ።»

በግድግዳው ማዶ የስፌት መኪናው አንድ ረጅም ሩጫ ጨርሶ ሁለተኛውን ጀመረ። ምናልባት የእሳቸውን ሱሪ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ምንም ማሰብ አልቻልኩም። መጨረሻ ላይ «መኪናው ምን ዓይነት ነበር?» ብዬ ጠየቅኩ፤ ድምፄ ለራሴም የሌላ ሰው መሰለኝ።

«ኤንትሬ ነው። አረንጓዴ።»

ያን ቀን ምንም አልነገርኳቸውም። ሳምንቱን ሙሉ ክር ስከትልላት ለእትዬ የሺም አልነገርኳትም። የሁለት ደንበኞች ወረቀት በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ አብሮ ያድራል፤ የአንዱን ለአንዱ አለማሳየት የዚህ ሥራ የመጀመሪያ ሕግ ነው፤ ማንም ሳያስተምረኝ ራሴ ያወጣሁት ሕግ። ግን ያ ሕግ ያቺን ሴት መነጽሯን እንዳወለቀች ሊያስቀራት ነው። ዝርዝሩን ለደብሩ የማስረክበው የሚቀጥለው ቅዳሜ ነበር። ማክሰኞ ጋሼ ዓለሙ ሲመጡ ገጿን አትሜ፣ ወረቀቱ ሳይቀዘቅዝ ከፊታቸው አስቀመጥኩና በግራ ረድፍ የመጨረሻዋን መስመር በጣቴ አሳየኋቸው።

ጎንበስ ብለው አነበቡት። «ይሄን ማን ሰጠህ?»

«በየዓመቱ ይመጣልኛል። እኅቱ ናት የምታመጣው።»

«በሕይወት አለች?»

ወደ ግድግዳው ዞርኩ። የስፌት መኪናው ይሮጣል። እሳቸውም አብረውኝ አዳመጡ፤ ከዚያ ዓይናቸው ቀስ ብሎ ወደ ገዛ ሱሪያቸው እግር፣ ወደ ስፌቱ ወረደ።

«ሱሪዬን...» አሉ፤ አልጨረሱትም። ወረቀቱን ወደ እኔ መለሱና «ነገርካት?» አሉኝ።

«አልነገርኳትም።»

«ትነግራታለህ?»

«ቅዳሜ ዝርዝሩን አስረክባለሁ። ከዚያ በፊት ካልነገሯት እነግራታለሁ።» በሕይወቴ ለአንድ ትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ አላውቅም ነበር።

ደብተሮቹን ትተው ወጡ። ረቡዕ አልመጡም። ሐሙስ አልመጡም። ዓርብ በአሥር ሰዓት ላይ መዝሙሩ ከማዶ ሲሰማ በመስኮቴ በኩል አየኋቸው፤ ክንዳቸው ላይ ቡናማ ሱሪ አጥፈው ይዘዋል። ሽፈራው ሜትሩ ጋ ቆሞ ነበር። «ጋሼ፣ ደግሞ ሌላ ሱሪ? በየሳምንቱ እያጠሩ ነው እንዴ?» አላቸው። በአጠገቡ አልፈው ሄዱ። የእትዬ የሺ በር ላይ ያለችው ቃጭል ጮኸች።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው በግድግዳ በኩል የሰማሁትን ብቻ ነው። መጀመሪያ የእሷ ሳቅ ተሰማ። የስፌት መኪናው ትንሽ ሄዶ መሐል ላይ ቆመ። የእሳቸው ድምፅ ዝቅ ብሎ ለረጅም ጊዜ ቀጠለ፤ ቃሉ አይለይም፣ ነጠላ ሰረዝ ላይ ትንፋሽ ሲወስዱ ግን አውቀዋለሁ። አንድ ወንበር ተንቀሳቀሰ። እትዬ የሺ አንድ ጊዜ ብቻ «አንተ!» አለች፤ ከዚያ በፊት አንቱ ስትላቸው እንጂ እንዲህ ስትል ሰምቼ አላውቅም። ተነስቼ ልግባ ብዬ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ። ከመንገዱ ማዶ አንዱ መዝሙር አልቆ ሌላ ተጀመረ። በኋላ ያልጠበቅኩት ድምፅ መጣ። የስፌት መኪናው ተነሳ፤ አንድ ረጅም ሩጫ፣ ትንሽ ዕረፍት፣ ሁለተኛ ረጅም ሩጫ። ጋሼ ዓለሙ የታጠፈውን ሱሪ በክንዳቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ወጡ። ወደ እኔ አላዩም። ባዶ ራሳቸውን ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ፀጉራቸው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነበር።

እሷ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ገባች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ሜትሯ እንደወትሮው አንገቷ ላይ ነው። ቁጭ አላለችም። «ክፈተው» አለችኝ።

ገጿን ከፈትኩ።

«ወንድሜን ከዚህ አንሳውና እዚያ አስገባው። ከእናቴ ቀጥሎ።»

ስሙን ከግራ ረድፍ አንስቼ በቀኙ አስገባሁት። የሦስት ሰከንድ ሥራ ነው። እሷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ስክሪኑን ታያለች። «በቃ፣ ዐረፈ» አለች፤ ድምፅ አውጥታ ለማልቀስ የቻለችው ያኔ ነው። በሩን ዘግቼ፣ ወንበር ስቤ አስቀመጥኳት፤ አልቅሳ እስክትጨርስ የሚደወለውን ስልክ አላነሳሁም።

ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ «አሁን በግራ በኩል አንድ ጨምር» አለችኝ። «ኃይለ ገብርኤል በል።»

ጻፍኩ። ማን እንደሆነ ገብቶኛል፤ ግን ማረጋገጥ ልማዴ ነው። «የእሳቸው ነው?»

«የሱ ነው። 'የወንድሜን ስም ይሄን ሁሉ ዘመን ይዘህ ኖርክ፤ አሁን ያንተን ስጠኝ' አልኩት። ሰጠኝ።»

«ይቅር አልሻቸው?»

«ማን ይቅር አለው?» ቁጣዋ በአንዴ ተመለሰ። «በሕያዋን በኩል ያስገባሁት በሕይወት ስላለ ነው። ይኑር። እኔም ስሙን በየዓመቱ እያየሁ እኖራለሁ። ሲሞት የማዛውረው እኔ ነኝ፤ እሱ እንዳደረገው ይዤ አልቀርም።»

«ሱሪውን ግን ሰፋሽላቸው።»

«ምን ላድርግ ኤልዬ?» አለች እጆቿን እያየች። «እጄ ሥራ ፈለገ። መቀሱ እኮ አጠገቤ ነበር።»

ጋሼ ዓለሙ በሚቀጥለው ማክሰኞ በስምንት ሰዓት መጡ። ስለዚያ ቀን አልተነጋገርንም። «ቢጫህን አውጣ» አሉኝ። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረን «ሸቀጥ» የሚለውን ሁሉ ዕፀ ፋርስ አልነው፤ አርባ ሦስት ቦታ ነበር። «ተወሰነ» የሚለውን «ወሰንኩ»፣ «እርምጃ ተወሰደ» የሚለውን «ፈርሜ አስገደልኩ» አልነው። «አንድ ሹፌር» የነበረበት ቦታ ላይ ጌታነህ ብለን ጻፍን፤ ስሙን ከእሷ ሰምተውታል። ሲያልቅ «ፎርሟ ላይ ያለችው ሳጥን አሁን ትክክል አይደለችም» ብለው ፈገግ አሉ። መጽሐፉ አልታተመም። «ፋይሉን ያዘው» ብለውኝ ነው የሄዱት፤ እስከ ዛሬ ይዤዋለሁ። እትዬ የሺ ሱቅ ሱሪ ይዘው አልተመለሱም። ከዚያ በኋላ ክሬንሾው የገዟቸው ሱሪዎች ሁሉ እግራቸው ላይ በሁለት ዙር ታጥፈው ነው የማያቸው።

ኪራይ ሲጨምር መጀመሪያ እሷ ዘጋች፤ ወደ ልጇ ሲያትል ሄደች። በዓመቱ እኔ ዘጋሁ። ያ የሲዲ ሱቅ ዛሬ የስልክ ቀፎ ይሸጥበታል፤ ሜትሮቹ ካርድ ይቀበላሉ፤ ሽፈራውም ታክሲውን ትቶ በስልክ በሚጠራው መኪና ገብቷል፣ ቀይ መስመር ላይ ማቆሙን ግን አልተወም። እትዬ የሺ በየዓመቱ ከፍልሰታ በፊት ትደውላለች። «ሁሉም እንዳለ ነው» ትለኛለች፤ እኔም እንዳለ አትማለሁ።

ትናንት ግን እንዳለ አላለችም። ሽፈራው ደውሎ ነግሯታል፤ ጋሼ ዓለሙ ከሳጥናቸው ጡረታ ወጥተው ይኖሩበት በነበረው የሃውቶርን አፓርትመንት ዐርፈዋል፤ ተቀብረዋልም። «ኃይለ ገብርኤልን አዛውረው» አለችኝ። ድምጿ ረጋ ያለ ነበር።

ፋይሉን ከፈትኩ። «ከማን ቀጥሎ ላድርገው?»

ከበስተኋላዋ የልጇ ቴሌቪዥን ይሰማል። «ከወንድሜ ሥር» አለች። «ግን አንድ መስመር ባዶ ተው።»

በዚህ ሥራ ያለ ምክንያት ባዶ መስመር ትቼ አላውቅም። ትናንት ተውኩ። በማስመሪያ ለካሁት፤ ከሌሎቹ መስመሮች ጋር እኩል ነው። አተምኩትና ወረቀቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ይዤው ተቀመጥኩ።